መውጫ የሌለው በርሜል

ትርንጎ የምትባል ልጅ እማሆይ ዘንድ ሄዳ፣ «እማሆይ፣ አጎቴ ‹ጨዋ ሴት የከፋትን ዋጥ ታደርጋለች› ይለኛል። እኔ መዋጡ አቃተኝ። ባለጌ ነኝ እንዴ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

እማሆይም እንዲህ አሏት።

አፈር የሌለው አንድ ሰው ነበረ። ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ ሰላጣና ቆስጣ በውሃ ብቻ ማብቀል ተማረ። ረጃጅም ቱቦዎችን እየቀደደ ችግኞቹን በየቀዳዳው ተከለ። ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ከፕላስቲክ በርሜል እየተነሣ ሥሮቹን ያጠጣል፤ ተመልሶም እዚያው በርሜል ይገባል። ሰውየው ስለ ውሃው መግቢያ ብዙ ተጠበበ፤ ስለ መውጫው ግን አላሰበም። በዚያ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በፈረቃ ይመጣ ስለነበር፣ ሰው ፊቱን የታጠበበትን እንኳ ለወለል ማጠቢያ ያስቀምጣል እንጂ አይደፋም። ሰውየውም «በእኔ ቤት ጠብታ አይፈስም» እያለ ይኮራ ነበር። ጎረቤቱም ያመሰግነዋል።

ችግኞቹን በእጇ የምትዳስሰው ግን ሚስቱ ነበረች። የመጀመሪያው ዙር ተክል ሥሩ ጠቁሮ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሸሸባት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ውሃው መሽተት ጀመረ።

«ውሃው አርጅቷል፤ መውጫ እናብጅለት» አለችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ አገር ጄሪካን ተሸክሞ ሲዞር አንቺ ልትደፊ? ይልቅ ጨምሪበት።»

ጨመረችበት። ሽታው ባሰ። የቀራቸው ዘር አንድ ጭብጥ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሞተ ሌላ የላቸውም።

ያን ጊዜ ግቢውን ዞራ አየች። በርሜሉን እንዲሁ ብትበሳው ውሃው የጎረቤት ግድግዳ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለፈለች፣ ከአጥሩ ውጭ እስካለችው የጠወለገች ዘይቱን ድረስ ቦይ አወጣች። ለቀዳዳው የሚሆን ውታፍም ጠረበች። ከዚያ ብረት አግላ መጣች።

ባሏ በርሜሉ ፊት ቆመ። «ይህን ከበሳሽ ከእኔ ጋር አትኖሪም» አላት።

«እሺ፤ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ዘወር በልልኝ» አለችና በሳችው።

ሰውየው ዘሎ ቀዳዳውን በመዳፉ ደፈነ። ጥቁሩ ውሃ በጣቶቹ መካከል እየሾለከ ክንዱን አለበሰው። ሽታው አፍንጫው ሲደርስ ፊቱን አዞረ፤ ቀስ ብሎም እጁን አነሣ። አሮጌው ውሃ በቦዩ ወጥቶ አለቀ፤ በፈረቃው ቀንም በርሜሉ እንደገና ተሞላ። የመጨረሻው ዘር በአዲስ ውሃ ነጭ ሥር ሰደደ።

እማሆይም ወደ ትርንጎ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ በርሜሉ ሆድሽ ነው። ‹ጨምሪበት› የሚልሽ አጎትሽ ነው። ቀዳዳው አፍሽ ነው። ቦዩን ግን አስቀድሚ፤ የምትናገሪውን ለማንና የት እንደምትናገሪ እወቂ፣ ያላጠፋ ሰው ላይ አትድፊው። ያን ካበጀሽ በኋላ ማንም ፊትሽ ቢቆም ብሺው። አጎትሽ ‹ቤቴ ጸጥ ያለ ነው› ተብሎ ይመሰገን ይሆናል፤ የሚበሰብሰው ሥር ግን ያንቺ ነው።»