ጃርትና የተሰረቁት ጡቦች

አንድ ጊዜ፣ ልጆቿ ድንጋይ ደራርበው የሠሩት ቤት በነፋስ እየፈረሰ ሲያለቅሱባት አላስችል ያላት አንዲት ጃርት ነበረች። የማይፈርስ መጫወቻ ልትሠራላቸው ቆርጣ ተነሣች። ከዋንዛ ግንድ ትንንሽ ጡቦች ጠረበች፤ ከላይ ጉጥ አወጣችላቸው፣ ከታች በእሾኋ ቀዳዳ በሳችላቸው። የመጀመሪያዎቹ ላሉና ወዲያው ተበታተኑ። የሚቀጥሉት ደግሞ ጠበቁና አንዴ ከገቡ አንላቀቅ አሉ። ሦስት ክረምት ከለፋች በኋላ ግን ጉጡ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ሲጎትቱትም ወጣ። ከዚያ ወዲያ የጫካው ልጆች ሁሉ ከደጇ አልጠፋ አሉ።

አንድ ቀን ቀበሮ መጣ።

«እትዬ ጃርት፣ ጥቂት ጡብ አውሺኝ። ለልጆቼ ላሳያቸውና ነገ እመልሳለሁ» አላት።

አንድ ቁና ሙሉ ሰጠችው።

ቀበሮ ነገም አልመጣ፣ ከነገ ወዲያም አልመጣ። በወሩ ቁራ ከዛፍ ዛፍ እየበረረ ይለፍፍ ጀመር፦ «ዜና! ዜና! ቀበሮ ድንቅ ጡብ ፈለሰፈ! ከአያቱ ጀምሮ የመጣ የቤተሰቡ ጥበብ ነው! ከእንግዲህ ከቀበሮ በቀር ጡብ መሥራት ክልክል ነው!»

የጃርት ደሟ ፈላ፤ እሾኋ ከራሷ እስከ ጅራቷ ቆመ። «በገዛ ሥራዬ እኔው ልከለከል?» እያለች ወደ አንበሳ ችሎት ገሰገሰች።

ቀበሮ ጅብን ምስክር አድርጎ ቀረበ። «ጌታዬ፣ ጡቡ የእኔ ነው። ስሠራ አያ ጅቦ አይቶኛል» አለ።

«እንግዲያው ንገረን» አለች ጃርት፤ «ጉጡ ከቀዳዳው ትንሽ ወፈር ያለው ለምንድን ነው?»

ቀበሮ ዓይኑን አቁለጨለጨ። «ያው... ለውበት ነዋ።»

«ለውበት! ካልወፈረ አጥብቆ እንደማይዝ አንድ ቀን የጠረበ ሁሉ ያውቀዋል!»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «አንተስ፣ ምን አየህ?»

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ከጃርት ቤት በቁና ተሸክሞ ሲወጣ አይቻለሁ። ይኸው መሰከርኩ፤ ቃል የተገባልኝ አጥንት የታለ?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አንበሳም ዕንባው እስኪወርድ ሳቀና፣ «በቃ፣ እውነቱ ታወቀ። ስሙ ግን ‹የቀበሮ ጡብ› ተብሎ አገር ምድሩን አዳርሷል፤ እንዲሁ ይቅር። አንቺም ሥራሽን ቀጥዪ» አለ።

ያልሳቀችው ጃርት ብቻ ነበረች።

«አይቀርም!» አለች። «እሱ ሲሰርቀኝ እርስዎ አላወቁም ነበር። አሁን ግን አውቀዋል። እያወቁ ስሜን ካስቀሩት፣ ሁለተኛው ሌባ ማን ሊባል ነው?»

አንበሳ እፍረት ተሰማውና አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን ያገሣው በቀበሮ ላይ ነበር፦ «ተነሥ! ቁራ በጮኸበት ዛፍ ሁሉ ሥር እየቆምክ ‹ጡቡን የሠራችው ጃርት ናት፤ እኔ ሰርቄያት ነው› በል። አንዲት ዛፍ ብትዘል ወየውልህ!»

ቀበሮ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ሙሉ በጋውን ሲለፍፍ ከረመ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን ልፋት የራስ አድርጎ ማስወራት ስርቆት መሆኑን፣ እውነቱን እያወቁ በዝምታ ማለፍም ከሌባው ጋር መተባበር መሆኑን ነው።