ያልተሰበረው የሸክላ እንቁላል

«ተረት ተረት።»

«የመሠረት።»

ይሄ ድምፅ ከሆዳችሁ ነው ወይስ ከአፍንጫችሁ? እስቲ ደግሜ ልበል። ተረት ተረት።

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። አንተም እዚያ ጥግ ያለኸው፣ የእህትህን ጉንጉን ልቀቅና ስማ።

በድሮ ጊዜ፣ ድንጋይ እንኳ ሲጠሩት አቤት በሚልበት ጊዜ፣ አፈሯ ቀይ በሆነ አገር እማማ ድንቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራ ትሠራለች። ማሰሮ ትሠራለች። እሱን ሌላውም ይሠራል። የእሷ እጅ የሚደነቀው በትንንሾቹ ነበር።

ትንንሾቹ አውራ ጣት የሚያካክሉ ምስሎች ናቸው። አንበሳ አለ። ባለ ጋሻ ጦረኛ አለ። ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ አለ። በበቅሎ የተቀመጠች ንግሥት አለች። ቀዩን ቀለም ከአፈር፣ ቢጫውን ከእርድ፣ ሰማያዊውን ከተልባ አበባ፣ ጥቁሩን ከጥላሸት ታወጣለች። ከጥጃ ጅራት አንዲት ፀጉር ትነቅልና በእሷ ጫፍ ዓይናቸውን ትኩላለች። የጦረኛው ጋሻ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። የንግሥቲቱ ጆሮ ጉትቻ አለው፤ ጉትቻውም ቀዳዳ አለው። እኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ እሷን አስባለሁ፤ አስቤም እጄን እደብቃለሁ።

ምስሉ ሲያልቅ ታዲያ እንዲሁ አትሰጥም። ሲኒ የሚመስሉ ሁለት ሸክላዎች ታመጣለች። ምስሉን መሃል ታስቀምጣለች። ሁለቱን አፍ ለአፍ ትገጥምና ዙሪያውን በጭቃ ትደፍናለች። ይህን ስታደርግ ዓይኗን ጨፍና ነው። ሰው የሸክላ እንቁላል ይለዋል። እንቁላሎቹን ቅርጫት ውስጥ ትደባልቃለች። ከዚያ በኋላ የትኛው ውስጥ ማን እንዳለ እሷም አታውቅም።

ፈላጊ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ትላለች።

«ምረጥ አይባልም። የደረሰህን ስበር።»

የባላባት ልጅም ይሁን የለማኝ ልጅ፣ እጁን ይከታል፤ አንዱን ያወጣል። ቀስ አድርጎ በጠጠር ይሰብረዋል። አዲስ ከወጣለት ይጨፍራል። ያለው ከተደገመበት «ድጋሚ ወጣብኝ» ብሎ ያኮርፋል። ከዚያ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጣል።

ምስሎቹ አርባ ዓይነት ናቸው ይባላል። ሠላሳ ዘጠኙን አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። አርባኛውን ያየ ግን የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ዋርካው ሥር ይሰበሰባሉ። በመስመር የተሸነሸነ ቁርበት ያነጥፋሉ። ምስሎቻቸውን ይደረድራሉ። ዛጎል ይጥላሉ። ምስሎቹም መስመሩን ሲረግጡ ነፍስ ይዘራሉ። አዎ፣ ነፍስ ይዘራሉ፤ አታፍጥብኝ። አንበሳው የትንኝ ያህል ያገሳል። ዘንዶው አንዲት ጭድ የምታቃጥል እሳት ይተፋል። ንግሥቲቱ በቅሎዋን ትኮለኩላለች። ከመስመሩ ሲወጡ መልሰው ሸክላ ይሆናሉ።

በዚያ መንደር ዘርፌ የምትባል ልጅ ነበረች። በእንቁላል የምትለውጠው እህል አልነበራትም። ጀርባ ግን ነበራት። ከወንዝ ዳር ቀይ አፈር ተሸክማ ለእማማ ድንቄ ታመጣለች። ለአንድ ቅርጫት አፈር አንድ እንቁላል ታገኛለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እንቁላሏን ሰበረች። ኤሊ ወጣች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰበረች። ኤሊ ወጣች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጸሎት አድርሳ ሰበረች። ምን ወጣ?

«ኤሊ!»

ኤሊ። ባለ አንበሳው ቢሻው በሳቅ ተንከባለለ።

«ዘርፌ፣ ቤትሽ ወንዝ ሆነ እንዴ?»

«ሁለት ኤሊዎች ልስጥህና አንበሳህን ስጠኝ» አለችው።

«አንበሳዬን በኤሊ? ሠላሳ ብታመጪም አልሰጥሽም።»

ዘርፌ ቤቷ ገባች። ቁርበት ስላልነበራት መሬቱ ላይ በከሰል መስመር አሰመረች። ሦስቱን ኤሊዎች አስቀመጠች። ኤሊዎቹ አንገታቸውን አወጡ።

«ድጋሚ ሲሉን ሰማን» አለች አንደኛዋ።

«አንቺም አኮረፍሽ» አለች ሁለተኛዋ።

«እስቲ ዓይንሽን አስጠጊው» አለች ሦስተኛዋ።

ዘርፌ በደረቷ ተኝታ አየቻቸው። የአንደኛዋ ጀርባ ላይ ገና ያልደረቀች የምትመስል የዝናብ ጠብታ ተሥላለች። ሁለተኛዋ በአንድ ጉንጯ ፈገግ ብላለች። የሦስተኛዋ ጅራት ጫፍ ሰማያዊ ነው፤ ከወንዝ አሁን የወጣች ይመስላል።

«እማማ ድንቄ አልደገመችም» አለች ዘርፌ። «ሦስት ጊዜ ነው ያሰበችው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላኮረፈችም።

የዚያ አገር ንጉሥ ስሙ ጥጋቡ ነበር። ስሙ ነው እንጂ ጠግቦ አያውቅም። የምስሎቹን ዝና ሰማና ወታደሮቹን ላከ። ወታደሮቹ ከልጆቹ እጅ ነጠቁ። የቢሻውን አንበሳ ነጠቁ። ንግሥቲቱን ከነበቅሎዋ ነጠቁ። ሠላሳ ዘጠኙንም ዓይነት ለቅመው ለንጉሡ አስረከቡ። የዘርፌን ኤሊዎች አዩና «ይሄማ ሞልቶናል» ብለው ተዉላት።

ንጉሡ ምስሎቹን ምን አደረጋቸው? ተጫወተባቸው? ዓይናቸውን አየ? የለም። በሣጥን ከትቶ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ቆለፈባቸው። ቀለማቸው እንዳይነካ ነው አለ። እህልም ቢሆን ሳይበሉት ይነቅዛል፤ ይህን ግን ማን ይንገረው።

ቀጥሎ አርባኛውን ፈለገ። ሦስት አዋቂዎች ይዞ እማማ ድንቄ ቤት መጣ። አንዱ እንቁላሉን በመዳፉ ይመዝናል። አንዱ ጆሮው ላይ አድርጎ ያንቀጫቅጨዋል። አንዱ ያሸተዋል። መዘኑ፤ አንቀጫቀጩ፤ አሸተቱ። ያለውን እንቁላል ሁሉ ሰበሩ። አርባኛው አልወጣም።

«አንቺ አሮጊት፣ አርባኛውን የት ደበቅሽው?» አለ ንጉሡ።

«ሠርቼዋለሁ፣ ጃንሆይ። የቱ ውስጥ እንደገባ ግን አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምደፍነው።»

«ለምን ትጨፍኛለሽ?»

«ካየሁማ ለምወደው አንበሳ፣ ለማልወደው እንቁራሪት እሰጣለሁ። ሰው አይደለሁም እንዴ?»

ንጉሡ ተቆጣ። «እስከ ቅዳሜ አርባኛው ካልመጣ ጣቶችሽ ይቆረጣሉ» አለ። እማማ ድንቄን አስረው ወሰዷት።

እነዚያ ጣቶች፣ ልጆች። በአንዲት ፀጉር ዓይን የሚኩሉት ጣቶች።

ዘርፌ ይህን ሳትሰማ ቅርጫት አፈሯን ተሸክማ መጣች። ቤቱ ባዶ ነው። ወለሉ ስባሪ ብቻ ነው። ደጃፉ ላይ ግን እርጥብ ጭቃ ተከምሯል። ዘርፌ አፈሯን ልትዘረግፍ ጭቃውን ገለጥ ስታደርግ አንድ እንቁላል አየች። እማማ ድንቄ የእሷን ድርሻ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምታስቀምጥላት። ወታደሮቹ እጃቸው እንዳይቆሽሽ ጭቃውን አልነኩትም።

ጎረቤቶች የሆነውን ነገሯት። ዘርፌ እንቁላሉን ይዛ ቤቷ ሮጠች። ጠጠር አነሣች። ያን ጊዜ በከሰሉ መስመር ላይ ያሉት ኤሊዎች ተናገሩ።

«ቆይ» አለች አንደኛዋ። «ሰብረሽው ኤሊ ቢወጣስ? የእማማ ድንቄ ጣቶች ሄዱ።»

«አርባኛው ቢወጣስ?» አለች ዘርፌ።

«አርባኛው ከወጣ ንጉሡ ነገ አርባ አንደኛውን ይጠይቃል» አለች ሁለተኛዋ።

«ሳይሰበር ግን ሁሉንም ይሆናል» አለች ሦስተኛዋ።

ዘርፌ ጠጠሩን ጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መንግሥት ሄደች። በግራ እጇ እንቁላሉን ያዘች። ሦስቱን ኤሊዎች መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። አዳራሹ ሞልቷል። እማማ ድንቄ ታስራ ቆማለች። ወለሉ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ መስመር በመስመር። ዘርፌ ወለሉን አየችና መቀነቷን ዳሰሰች።

«ጃንሆይ፣ አንድ እንቁላል ተርፏል» አለች።

ንጉሡ ከዙፋኑ ብድግ አለ። «ውስጡ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ኤሊ ሊሆን ይችላል።»

አዋቂዎቹ በየተራ መጡ። መዛኙ «ከአንበሳ ይከብዳል፣ ከዘንዶ ይቀላል» አለ። አንቀጫቃጩ «እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም» አለ። አሽታቹ አሸተተና አነጠሰ። እንግዲህ ዕውቀት ማለት ይሄ ነው።

ንጉሡ ዓይኑ ቀላ። «አምጪው፤ ወርቅ እሰጥሻለሁ።»

«አልፈልግም፣ ጃንሆይ። ደግሞ ኤሊ ሊሆን ይችላል።»

«ርስት እሰጥሻለሁ።»

«አልፈልግም። ኤሊ ሊሆን ይችላል ብያለሁ።»

«አስነጥቅሻለሁ።»

ዘርፌ እንቁላሉን ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው። «የነኩኝ ዕለት እለቀዋለሁ። በጠጠር ቀስ ተብሎ ካልተሰበረ ከነውስጡ ነው የሚደቅቀው።»

ወታደሮቹ ባሉበት ቀሩ።

ንጉሡ በልቡ፣ ይህች ልጅ ሦስት ጊዜ ኤሊ ያለችው እንዳልፈልገው ነው፤ እኔን ልታታልል፤ አርባኛው ቢሆን ነው እንጂ፣ አለ። ብልጥ ነዋ። ብልጥ ሰው እውነት ስትነግሩት አያምንም።

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እማማ ድንቄ ከነአሥር ጣቷ ትፈታ። ከእንግዲህም ማንም እንዳይነካት በዙፋንዎ ይማሉ።»

ንጉሡ በሕዝቡ ፊት ማለ። እማማ ድንቄ ተፈታች። ዘርፌ በሩን ሲያሻግሯት አየችና እንቁላሉን ሰጠች።

«ሣጥኖቹን አምጡ» አለ ንጉሡ። «ሠላሳ ዘጠኙን ወለሉ ላይ ደርድሩ። አርባኛውን ጫፍ ላይ አቆመዋለሁ።»

አሽከሮቹ ደረደሩ። በዚህ መሃል ዘርፌ መቀነቷን ለማጥበቅ ጎንበስ አለች። ሦስቱን ኤሊዎች በሩ አጠገብ መስመሩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ንጉሡ ጠጠር አነሣ። ከዚያ ቆም አለ። ኤሊ ቢሆንስ? እስረኛዬን በኤሊ ለወጥሁ ተብሎ አገር ይስቅብኛል። ጠጠሩን አስቀመጠ። «ውጡልኝ፤ ብቻዬን ነው የምሰብረው» አለ። ሰው ሁሉ ወጣ።

እንደገና አነሣ። አርባኛው ቢሆንስ? ነገ ጠዋት ስነሣ ምን እፈልጋለሁ? አስቀመጠ።

ለሦስተኛ ጊዜ አነሣ። «ትንሽ ላዳምጠው» አለና እንቁላሉን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ያን ጊዜ ሰው እንዳያያቸው ወለሉ ላይ አድፍጠው የቆዩት ምስሎች ተንቀሳቀሱ። ስንት ወር በሣጥን ውስጥ ከርመው መስመር መርገጣቸው ነው። አንበሳው ተንጠራራ። ዘንዶው በሦስት አፉ አዛጋ። ንግሥቲቱ ጉትቻዋን ዳሰሰች።

«በዚህ በኩል» አሉ ሦስቱ ኤሊዎች።

እነሱ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ በሰልፍ ሄዱ። የኤሊ ነገር ነውና መንገዱ እስኪመሽ ፈጀ። ንጉሡ አላየም፤ አልሰማም። እንቁላሉን እያዳመጠ ነዋ። መስመሩ ደጃፉ ላይ ሲያልቅ ሁሉም እንደ ሰልፋቸው ቀጥ ብለው ሸክላ ሆኑ። ደጅ ላይ ስትጠብቅ የዋለችው ዘርፌ በነጠላዋ ሰበሰበቻቸው።

በማግስቱ ልጆቹ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ዘርፌ ለእያንዳንዱ የራሱን መለሰች። ቢሻው አንበሳውን ተቀበለ። አገላበጠው፤ አፈረ።

«ዘርፌ» አለ፣ «አንበሳዬን ልስጥሽ፣ አንዷን ኤሊ ስጪኝ።»

«ሠላሳ አንበሳ ብታመጣም አልሰጥህም» አለችው። ከዚያ ሳቀች። «ና ግን፣ አብረን እንጫወት።»

እማማ ድንቄም ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ልጆቹ «ያ እንቁላል ውስጥ ምን ነበር?» አሏት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ከዚያም ቅርጫቱን ለዘርፌ አቀረበች። ዘርፌ እጇን ከታ አንዱን አወጣች። ሰበረች። አራተኛ ኤሊ ወጣች። ዘርፌ ዓይኗን አስጠጋች።

«ይህችኛዋ በአፏ ትንሽ እንቁላል ይዛለች» አለችና ጨፈረች።

ንጉሡስ? ዛሬም እዚያው ተቀምጧል፤ እንቁላሉ ጆሮው ላይ ነው። አገሩን ማን ገዛ አትበሉኝ። ንጉሡ እንቁላል ሲያዳምጥ ግብርም ቀረ፣ ጦርነትም ቀረ፤ ሰዉ በሰላም አረሰ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ብዙ ያለው ሰው ሀብታም አይደለም፤ ያለውን አስጠግቶ ያየ ነው ሀብታም።

ተረቴን መልሱ፤ ሳትሰብሩ ለሌላው አድርሱ።