በመጠጥ ውሃ የጠፋ እሳት

ወገኖቼ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው ነበር። እዚያ ሰፈር ውሃ መጣ ከተባለ ጀሪካን ያልያዘ ሰው አታገኙም። ሰውየው ግን ትልቅ ታንከር ገዛና ተገላገለ። ሲሞላለት ቧንቧውን በጓጉንቸር ቆለፈው። ቁልፉን የት አደረገው? ኪሱ! አትፍረዱበት፤ ውሃ ሲጠፋ ማን ለጋስ ይሆናል?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እሱ ሥራ፣ ሚስቱ ገበያ ሳሉ፣ ከከሰል ምድጃው የተፈናጠረ ፍም ማድ ቤቱን አያያዘው። እሳቱ ወደ ዋናው ቤት መጣ።

ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። በየቤቱ የቀረችው የመጠጥ ብቻ ናት። ታዲያ ሰዉ ቆሞ አሰበ? አላሰበም! አንዱ ጀሪካኑን፣ አንዷ ባልዲዋን ይዘው ሮጡ። ጎረቤቱ እማማ አስካለች እንኳ ለመድኃኒት መዋጫ ያስቀመጧትን አንዲት ጆግ ይዘው ወጡ። አፈሰሱ፣ አፈሰሱ፣ እሳቱ ጠፋ።

ሰውየው ተደውሎለት እያለከለከ ደረሰ። ማድ ቤቱ ከስሏል፤ ቤቱ ግን ቆሟል።

«በምን አጠፋችሁት?» አለ።

«በምንጠጣው» አሉ እማማ አስካለች።

«ታንከሬ ሙሉ ነበር እኮ! ለምን ጓጉንቸሩን አልሰበራችሁትም?»

«እሱን ስንታገል ቤትህ ይለቅ፣ ልጄ?»

እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉ አለ። ታንከሩን ከፈተና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእሳቸው ሰጣቸው። ክኒናቸውን ዋጡና «እግዜር ይስጥህ» አሉት። አያችሁ? አመስጋኟ እሳቸው ሆኑ! ሰውየው ይሄኔ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ታንከሩ ላይ ጓጉንቸር የለም።

እናንተስ? ቤታችሁ የቆመው በማን ውሃ ነው? ትዳራችሁ ሲነድ ሥራውን ትቶ ሲያስታርቃችሁ የዋለ ሰው የለም? እናንተ እንድትማሩ ጦሟን ያደረች እህት የለችም? ስሟን አስታውሱት እስቲ። አሁን፣ እዚሁ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የእኛን እሳት ሊያጠፋ ብሎ በመስቀል ላይ ራሱ የተጠማ ጌታ አለን። የተረፈውን አይደለም የሰጠን። እየተጠማ ነው የሰጠን። እንዴት ደስ አይለንም? እንዴት ዝም እንላለን?

ተመስገን በሉ! ከልባችሁ በሉ! ከዚያ ወደ ቤት ስትመለሱ ኪሳችሁን ዳብሱ። ጎረቤታችሁ ዛሬም ውሃ የለውም፤ ቁልፉ ግን እናንተ ጋ ነው።