አቤት ያላለው ፋይል

አቶ ልሳነወርቅ ዋና ዳይሬክተር ከሆኑ ወዲህ፣ «ክቡር ዋና ዳይሬክተር» ብሎ ያልጠራቸው ባለጉዳይ እንደቆመ ይውላል እንጂ ቀና ብለው አያዩትም። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱን የመጠባበቂያ ፋይሎች የምትጠብቀውን ሠራተኛ አስጠሩ።

«ኮምፒውተሩ ፋይል ሲፈልግ የእንግሊዝኛውን ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል እኩል ነው አሉ የሚያየው። የእኔ ፋይሎች ስማቸው በትልልቁ ነው የተጻፈው፤ ከተራው ጋር ምን አደባለቃቸው? ለዪልኝ!»

«ኋላ እርስዎኑ ያስቸግርዎታል» ብትላቸው ጮኹባት። እሷም በሆዷ እየሳቀች፣ እንዳዘዟት ኮምፒውተሩ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ እንዲያይ አደረገችው።

በሳምንቱ ቦርዱ ተሰብስቦ ሪፖርት ሲጠብቅ፣ ፋይሉ ከዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ላይ ጠፋ። ከመጠባበቂያው ሊያወጡት ስሙን በጥድፊያ በትንንሹ ፊደል ጻፉት። የለም። ደግመው ጻፉት። የለም።

«ያቺ ሴት አጥፍታዋለች! አሁን ካላመጣች ዛሬውኑ ትባረራለች!» ብለው በስብሰባው መሃል አስጠሯት።

መጣችና ስሙን በትልልቁ ፊደል ጻፈችው፤ ሪፖርቱ ወዲያው ብቅ አለ።

«እኔ ስጠራው የት ሄዶ ነበር?» አሉ አፍጥጠው።

«የትም አልሄደ፣ ክቡር ዋና ዳይሬክተር» አለች እጅ ነሥታ። «ሲጠሩትም ሰምቷል። ግን ከማን እንደተማረው እንጃ፣ ያለማዕረጉ ለጠራው ሰው አቤት አይልም።»