ከፍ ያለችው ሚኒሞ

አንድ ሾፌር ነበር፤ ስሙ ታምሬ። የገጠር ቀበሌው ሰዎች አዋጥተው የገዟትን አሮጌ ፒክአፕ ይነዳል። መኪናዋ የማትገባበት ሥራ አልነበረም፤ ማዳበሪያ ትጭናለች፣ ሙሽራ ታጅባለች፣ የታመመ ሰው ወደ ከተማው ሆስፒታል ታደርሳለች። ታምሬና ሚስቱ ስንቅነሽ በተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን እየጠበቁ ነበር።

በዚያ ሰሞን ናፍጣ ጠፋ። ማደያ በር ላይ ተሰልፎ መዋል ብቻ ሳይሆን ማደርም መጣ። ታምሬ ደግሞ ከሚስቱ መራቅ አልፈለገም። ስለዚህ መንገድ ዳር ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠውን ይሞላ ጀመር። ላምባ እንደተቀላቀለበት ሽታው ያስታውቃል፤ እሱም አላጣውም። "ለጥቂት ቀን ነው፤ ምን ትሆናለች?" አለ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ ቆማ ሳለ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም ቀጥ ብላ መጥፋት አመጣች። ከተማ ወዳለ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሽማግሌ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠ፤ የናፍጣ ማጣሪያውንም ፈትቶ አሸተተ።

"ልጄ፣ ሞተሩ ገና ደህና ነው። ችግሩ የምታጠጣው ነው። ናፍጣ፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ ያለሰልሰዋል፤ ላምባ ግን ያደርቀዋል። ታንከሩ ተራግፎ ይታጠብ፣ ፖምፓውም ይፈተሽ። ሁለት ቀን እዚህ ተዋት።"

"ሁለት ቀን? ጋሼ፣ ሚስቴ ወሯ ገብቷል እኮ! መኪናዋ ከእጄ ከወጣች በምን አደርሳታለሁ? በፈጠረዎት፣ ሚኒሞዋን ብቻ ከፍ ያድርጉልኝና ልሂድ። ስንቅነሽ ትገላገል እንጂ ያኔ እንደፈለጉ ይፍቷት።"

መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ መኪና ቆማ ሳለ ሞተሯ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ብሎኗን አዙረው ከፍ ሲያደርጉት መንቀጥቀጡ ይጠፋል፤ በሽታው ግን እንዳለ ይቀመጣል። ሽማግሌው ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። የሰውየውን ፊት ሲያይ ግን እምቢ ማለት ከበደውና ብሎኗን አንድ ዙር አዞራት።

መኪናዋ እያጓራች ወጣች። የሰፈሩ ሰው "ታምሬ፣ ሞተር ቀየርክ እንዴ?" እያለ አደነቀ። እሱም ልቡ ሞላ፤ የበርሜሉንም ናፍጣ አልተወም።

በአሥረኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ስንቅነሽን ምጥ ያዛት። ከሁለት ጎረቤት ሴቶች ጋር አሳፍሯት በረረ። አቀበቱን አጋምሰው ሳለ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ጠፋ። ፖምፓው ደርቆ ተጣብቋል። ታምሬ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢለምናት፣ መሪውን ቢደበድብ አልነሣ አለችው። የአካባቢው ሰዎች ደርሰው ስንቅነሽን በቃሬዛ ተሸከሟት፤ መንገዱም ሦስት ሰዓት ፈጀ። ስንቅነሽ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ወንድ ነበር።

ከአርባ ቀን በኋላ መኪናዋ ተጎትታ ጋራዡ ደረሰች። ታምሬም አብሮ መጣ። ሽማግሌው ስድብ ሲጠብቅ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ "ጋሼ፣ እርስዎስ ነግረውኝ ነበር" ብቻ አለ።

ያ መካኒክ እኔ ነኝ። ምነው በሰደበኝ ኖሮ! እውነት ነው፣ ነግሬዋለሁ። ብሎኗን ያዞረው ግን የእኔው እጅ ነው። እሱ ከጭንቀት የተነሣ አላስተዋለም፤ እኔ ግን እያወቅሁ አደረግሁት። ሲከፋው ላለማየት ብዬ እሺ አልኩት፤ ይህንንም ደግነት ብዬው ነበር።

ወገኖቼ፣ በትዳራችሁም ሆነ በጤናችሁ የሚንቀጠቀጥ ነገር ስታዩ ሚኒሞውን ከፍ ለማድረግ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የምታጠጡትን መርምሩ። የምትወዱት ሰው ብሎኗን እንድታዞሩለት ሲለምናችሁስ፣ ዓይኑን እያያችሁ እምቢ ማለት ትችላላችሁ?

እኔ አልቻልኩም።