ሶዲየም ያፈረባት ኤሌክትሮን

ሰብሰብ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ተረት ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው ምድር ገና ሳትበርድ፣ ድንጋይም አየርም አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ሶዲየም የሚባል አቶም ነበር። ከግቢው መሃል፣ ኒውክለስ በሚባለው ቤት፣ ፖዘቲቭ የሆኑ አሥራ አንድ ፕሮቶኖች ይኖራሉ። በዙሪያቸው ኔጌቲቭ የሆኑ አሥራ አንድ ኤሌክትሮኖች ይሮጣሉ፤ ሁለቱ በውስጠኛው አጥር፣ ስምንቱ በመካከለኛው፣ አንዷ ብቻዋን በውጭኛው። ሶዲየም በዚህች በአንዷ ያፍር ነበር። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነዋ። "ይህን ሁሉ አጥር አጥሮ አንዲት ብቻ" የሚሉት ይመስለዋል። እንግዳ ሲመጣ ከዐለት ሥር ገብቶ ይደበቃል።

አንድ ቀን "ለአንዱ ሰጥቻት ልገላገል" ብሎ ይዟት ወጣ።

"ጋሼ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?" አለችው።

"ዝም ብለሽ ተከተይኝ" አላት።

መጀመሪያ ጎረቤቱ ኒዮን ዘንድ ሄደ።

"ጋሽ ኒዮን፣ እባክዎ ይቺን ኤሌክትሮን ይውሰዱልኝ።"

ኒዮን በሩን ገርበብ አድርጎ አያት። "ውጭኛው አጥሬ የሚይዘው ስምንት ነው፤ ስምንቱም ሞልተዋል። ለማንም አልሰጥም፣ ከማንም አልቀበልም። ደግሞስ የራስህን ይዘህ በር ለበር ስትዞር አይከብድህም?"

ሶዲየም አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ቀጥሎ የአክስቱ ልጅ ፖታሲየም ዘንድ ሄደ።

"ወንድሜ፣ ይቺን ያዝልኝ።"

ፖታሲየም ፊቱ ቀላ። "እኔም በውጭ ያለችኝ አንዲት ናት። እኔም የት እንደማደርሳት ጨንቆኛል። አንተ ያፈርክባትን እኔ ላይ ልትጭን ነው?"

ሁለቱም ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተለያዩ።

መንገድ ላይ ኤሌክትሮኗ ቆም አለች። "ጋሼ፣ ለካ የምታፍረው በእኔ ነው?"

ሶዲየም ፊቱን አዙሮ መንገዱን ቀጠለ። ይህም ከስድብ በላይ ጎዳት።

በመጨረሻ ክሎሪን ዘንድ ደረሱ። ክሎሪንን ሁሉም ይፈራታል። የቀረባትን ሁሉ ዓይኑንና ጉሮሮውን ታቃጥላለች። እንዲህ የሆነችው ግን አንድ የምትደብቀው ነገር ስላላት ነው፤ በውጭኛው አጥሯ ያሉት ሰባት ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ ስምንተኛው ቦታ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ማንም እንዲያይባት አትፈልግም።

ሶዲየም እውነቱን መናገር አፈረ።

"እቴ ክሎሪን፣ አንድ ኤሌክትሮን እንደጎደለሽ ሰምቼ አዘንኩ። ይቺ እንደ ዓይኔ ብሌን የማያት ናት። ላንቺ ስል ነው ያመጣኋት።"

ክሎሪን ዝቅ ብላ ጉልበቱን ሳመች። "ሁሉም ሲሸሸኝ ነው የኖርኩት። የምወዳትን ልስጥሽ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።"

ኤሌክትሮኗ ቀና ብላ ሶዲየምን አየችው። ልታጋልጠው ትችል ነበር። አላጋለጠችውም። ቀስ ብላ ተሻገረችና ስምንተኛው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ሶዲየም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዘወር ብሎ ሊሄድ ተነሣ፤ እግሩ ግን እምቢ አለው። አሥራ አንዱ ፕሮቶኖች እንዳሉ ናቸው፣ ኤሌክትሮኖቹ ግን አሥር ብቻ ቀርተዋል፤ ፖዘቲቭ አዮን፣ ማለትም ፖዘቲቭነቱ ያየለ አቶም፣ ሆኗል። ክሎሪን ደግሞ አሥራ ሰባት ፕሮቶኖቿን ይዛ ኤሌክትሮኖቿ አሥራ ስምንት ሆነዋል፤ ኔጌቲቭ አዮን ሆናለች። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይሳሳባሉ። እሱ ልሽሽ ሲል ወደ እሷ ይጎተታል። ፊት ለፊቷ ከመቆም በቀር ምርጫ አጣ።

"ዋሽቼሻለሁ" አላት መሬት መሬት እያየ። "አፍሬባት ነው ያመጣኋት። በየበሩ ዞሬ የሚወስዳት ሳጣ ነው አንቺ ጋ የደረስኩት።"

ክሎሪን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም ልንገርህ" አለች። "ከሩቅ ሳይህ በጉልበት ልነጥቅህ ነበር ያሰብኩት። ጉልበትህን የሳምኩት ይኸው አሳፍሮኝ ነው።"

"እኔንስ የሚጠይቀኝ የለም?" አለች ኤሌክትሮኗ ከተቀመጠችበት።

ሶዲየም ወደ እሷ ዞረ። "ይቅር በይኝ።"

"ያደረግከውን አልረሳውም" አለችው። "ግን እዚህ ቦታ አለኝ። አንተም ከአጠገቤ አትራቅ።"

አልራቀም። ሌሎች ሶዲየሞችና ክሎሪኖችም ይህን አይተው መጡ፤ እየተሰጣጡ፣ እየተሳሳቡ፣ አንዱ ካንዱ ጎን ተደረደሩ። የዛሬው ነጭ ጨው የተሠራው እንዲህ ነው። ክሎሪን ማቃጠሏን ተወች፣ ሶዲየምም መደበቁን ተወ። ሐፍረቱ ግን ባንድ ጊዜ አልለቀቀውም፤ ኤሌክትሮኗ ስታየው ዓይኑን ሰበር ያደርግ ነበር ይባላል።

እንግዲህ ልጆች፣ የራሳችሁ የሆነውን ትንሽ ነው ብላችሁ አትሸማቀቁበት። ከተሸማቀቃችሁም አምናችሁ ተናገሩ፤ የሚከብደው ሲደበቅ ነው።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ።