ግራ እጃቸውን የሚያነሱት መምህርት

አንዲት ሴት ነበሩ፣ ወገኖቼ፤ በደቡብ ሕንድ የሚኖሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ። ሥራቸው የአገራቸውን ጥንታዊ ውዝዋዜ ማስተማር ነው። ሰባኪ ስለ ውዝዋዜ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝማ፣ አትቸኩሉ!

ይህ ውዝዋዜ ቀልድ አይደለም። ጣት ይናገራል፣ ዓይን ይናገራል፣ ባዶ እግር ወለሉን ይመታል። ኒላ የምትባል ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ እሳቸው ዘንድ ትማራለች። «አማ» ነው የምትላቸው፤ በቋንቋቸው እናቴ እንደ ማለት ነው።

እንዴት ነው የሚያስተምሯት? ፊት ለፊቷ ይቆማሉ። እሷ ቀኟን እንድታነሳ እሳቸው ግራቸውን ያነሳሉ። እሷ ወደ ቀኝ እንድትዞር እሳቸው ወደ ግራ ይዞራሉ። ልጅቷ ምንም ሳይምታታባት እንደ መስታወት እያየች ትከተላቸዋለች። እንዲህ እያሉ ስንቱን ልጅ አሳደጉ! እንዲህ እያሉም አረጁ።

ኒላ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የምትወጣበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጅቷ ከመድረክ ወረደችና የመምህሯን እጅ ያዘች።

«አማ፣ አንዴ ብቻ ከጎኔ ይቁሙ።»

«ተይኝ ልጄ! በዚህ ጉልበቴ?»

«እባክዎ፣ ለእኔ ሲሉ።»

ወጡ። ከበሮው ተመታ። ኒላ ቀኝ እጇን አነሳች፤ አማ ግራቸውን። ኒላ ወደ ቀኝ ስትዞር አማ ወደ ግራ፤ ሊጋጩ ምንም አልቀራቸው።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ፣ «አሮጊቷ ጠፍቶባታል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። አማ ሰሙ። እጃቸው ወረደ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙበት ሙያ በዚያች ደቂቃ መሳቂያ ሆነባቸው። አይ ክፉ ቀን! አቀርቅረው ወደ ደረጃው አመሩ።

ኒላ ምን ታድርግ? ቀኑ የእሷ ነው። ሕዝቡ ሊያይ የመጣው እሷን ነው። አማ ደግሞ «ለተመልካች ጀርባሽን እንዳትሰጪ» እያሉ ነው ያሳደጓት።

ሮጣ ቀደመቻቸው። ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ጀርባዋን ሰጠች።

«አማ አልጠፋባቸውም!» አለች፣ አዳራሹ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ለእኔ ቀኙን ሲያሳዩ ኖረው ነው የራሳቸው ግራ የሆነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደ ቤታችን ነው አማ፤ እኔን ብቻ ይዩኝ» አለቻቸው።

አማ እንባቸውን ጠረጉና ግራ እጃቸውን አነሱ። ኒላ ቀኟን። እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ አልሳቱም።

እንግዲህ እናንተስ? ያ የሳቀው ሰውዬ እኛ አይደለንም? አንተ፣ እናትህ የታክሲ ታፔላ ማንበብ አቃታት ብለህ ትስቃለህ። አንተ ፊደል ስትቆጥር እሷ የት ነበረች? ገበያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አልነበረም? አንቺ፣ አባቴ ከሰው ጋር መጫወት አያውቅም ብለሽ ታፍሪበታለሽ። አንቺን ለማሳደግ ጥበቃ ሲያድር ከማን ጋር ይጫወት?

ግራ የሆኑት ለማን ብለው ነው? ለማን ብለው ነው፣ ወገኖቼ?

እናት አባት በሕይወት ያላችሁ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አስቀምጡ። ሰው ምን ይለኛል የምትሉትን ያንን ሁሉ ሕዝብ ጀርባ ስጡት። ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፣ እዩዋቸው። ያንን ፊት እግዚአብሔር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰጠን።